የ1966 ቮልስ፣ ያገለገለ ዲስክ ፍሬን እና የማይመጥን ቸርኬ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የ1966 ቮልስ ቢትል አለኝ። አራቱም ጎማ ላይ ያለው ፍሬን የታምቡር ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደጋግሜ ስይዝ ፔዳሉ ጠንካራ ነው፣ መኪናው ግን እሺ ብሎ አይቆምም። አንዳንዴም ወደ ግራ ይጎትታል። አሁን ከተፈታ የ1971 ካርማን ጊያ (የቮልስዋገን ስፖርታዊ መኪና) የወጣ የፊት ዲስክ ፍሬን አግኝቻለሁ። ከዘመናዊ መኪና የወጣ ባለ 17 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬም አለኝ። ስፋቱ 7 ኢንች ነው፣ ኢቲ 43 ይላል፣ አምስት ቡሎን በ112 ሚሊሜትር ክብ ላይ። 25 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው አዳፕተር ልገጥመው አስቤያለሁ። ሁለቱም ይሆናሉ ወይ? ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዲስኩን ግጠመው። ቸርኬውን ሽጠው። ከፍሬኑ ጀምር፤ ምክንያቱም የቸርኬውን ቡሎን ብዛትና የውስጥ ክፍተት የሚወስነው ከጀርባው የሚቀመጠው ፍሬን ነው። ቸርኬውን ቀድሞ የገዛ ሰው ፍሬን የሚመርጠው በሚይዘው ሳይሆን በሚገባለት ነው።

ግን ምንም ነገር ከመፍታትህ በፊት ያ ወደ ግራ መጎተት ምን እንደሆነ እንወቅ። የታምቡር ፍሬን በጤናው ቀጥ ብሎ ይይዛል። ከጎተተ ብልሽት አለ ማለት ነው። ወደ ግራ ሲጎትት ብዙ ሰው የግራውን ጎማ ይፈታል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የቀኙ ነው፤ ቀኙ አልያዘም፣ ግራው ብቻውን ሥራውን ሠራ። ስለዚህ የቀኙን ታምቡር አውጣና ሸራውን እይ። ከጎማው ሲሊንደር ያፈሰሰ የፍሬን ዘይት ወይም ከኩሽኔታው የወጣ ግሪስ ሸራውን ነክቶት ከሆነ ያ ሸራ አለቀለት። በቤንዚን አጥቦ የሚመልሰው አለ፤ ሲግል ዘይቱ እንደገና ይወጣል። ሌላው ተጠርጣሪ የጎማ ቱቦው ነው። አሮጌ የፍሬን ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል። ዘይቱ በጉልበት ወደ ሲሊንደሩ ያልፋል፣ ሲመለስ ግን ይታገዳል። አንዱ ጎማ ዘግይቶ የሚይዘው ወይም ከለቀቅከው በኋላም ይዞ የሚቀረው በዚህ ነው።

ይህን የምልህ የፊቱን ስለምትቀይር ምን አገባኝ እንዳትል ነው። የኋላው ታምቡር ይቀራል። ዘይቱም፣ ቱቦዎቹም፣ ሲሊንደሮቹም የአንድ ዘመን ናቸው። የፊቱ እንዲህ ከሆነ የኋላውም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ታምቡሩን ስታወርድ ብናኙን በኮምፕረሰር አትንፋው። ውሃ አርከፍክፍበት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው፣ ጨርቁን በፌስታል ቋጥረህ ጣለው።

አሁን ወደ ዲስኩ። ታምቡር ሲሽከረከር ሸራውን ይዞ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ስለዚህ በትንሽ እግር ብዙ ይይዛል። ጉዱ ያለውም እዚያው ላይ ነው። ሸራው ትንሽ ሲግል ወይም ትንሽ ሲረጥብ ልዩነቱ ተባዝቶ ይመጣል። ታምቡሩም ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይሸሻል። ዲስክ እንዲህ የለበትም። ሲግል ወደ ሸራው ይወፍራል እንጂ አይሸሽም፣ አየር በቀጥታ ያገኘዋል፣ ውሃም ቶሎ ይራገፍለታል። በምትኩ ራሱን የሚስብበት ጉልበት ስለሌለው ከእግርህ ይበልጥ ይጠይቃል። ቮልስ ወደ 800 ኪሎ የምትጠጋ ቀላል መኪና ስለሆነች ፋብሪካው ራሱ ያለ ሰርቮ (የእግርን ግፊት የሚያግዝ መሣሪያ) ነው ዲስኩን የገጠማት። ሰርቮ ፍለጋ አትድከም።

ያገኘኸው ዕቃ ጥሩ ዕድል ነው። ቮልስዋገን የቢትልን የፊት አክስል ከኪንግ ፒን (ናክሉ የሚዞርበት ምሰሶ) ወደ ቦል ጆይንት (የኳስ መገጣጠሚያ) የቀየረው ለ1966 ሞዴል፣ ማለትም ከነሐሴ 1965 ጀምሮ ነው። የ1971 ጊያም ያው ዓይነት አክስል ላይ ነው የተቀመጠችው። የአንተ መኪና ሰነዷ 1966 ቢልም ጎንበስ ብለህ ቦል ጆይንቱን በዓይንህ እይ፤ ከዚያ ወዲህ የስንቱ ሰው አክስል ተለዋውጧል። ከ1302ና ከ1303 ቢትል የወጣ ዕቃ ግን ቢያቀርቡልህ አትውሰድ። እነዚያ ፊታቸው የማክፈርሰን ስትራት (ሾክና ሞላ በአንድ የተሠራ) ነው፣ ካንተ ጋር አይገናኝም።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ የማልለቀው አቋም አለኝ፦ ፍሬን በቁራጭ አይገዛም፣ ከአንድ መኪና በሙሉ ነው የሚወሰደው። ካሊፐሩን (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን ክፍል) ከአንዱ፣ ዲስኩን ከሌላው፣ ማስተር ሲሊንደሩን (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን) ከሦስተኛው ብትሰበስብ ሁሉም ይገባ ይሆናል። ፋብሪካው አስቦ ያስቀመጠው የፊትና የኋላ ሚዛን ግን ይጠፋል። ስለዚህ ከዚያች ጊያ ላይ ካሊፐርና ዲስክ ብቻ ይዘህ እንዳትመጣ። ጎማውን የሚሸከመውን ናክል በሙሉ ውሰድ፤ የታምቡሩ ናክል ካሊፐር የሚታሰርበት ጆሮ የለውም። የካሊፐሩን ቡሎኖች፣ መከላከያ ቆርቆሮውን፣ የኩሽኔታ ክዳኑን፣ የመሪውን ዘንግ ጫፎች፣ ማስተር ሲሊንደሩን ከነዘይት ዕቃው ውሰድ። የኋላ ታምቡሮቿንም ከነሳህናቸው (ሸራው ከሚታሰርበት ብረት ጋር) ውሰድ፤ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

የመሪ ዘንጉን ጫፍ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሾጣጣው ጫፍ የሚገባበት የናክሉ ቀዳዳ በ1960ዎቹ መጨረሻ ልኩ ተቀይሯል። ያንተ አሮጌ ጫፍ በጊያው ናክል ውስጥ ሊወላወል ይችላል። ለመፈተን ሾጣጣውን በቀለም ወይም በማርከር ቀባው፣ አስገባው፣ በእጅህ አዙረህ አውጣው። ቀለሙ ዙሪያውን እኩል ከተጠረገ ይገጥማል። አንድ ቀለበት ብቻ ከተጠረገ አይገጥምም። ዳዶው ጠበቀልኝ ብለህ እንዳትረካ፣ ነገሩ የመሪ ነው።

ሌላ የሚረሳ ነገር። የቮልስ ፍጥነት መቁጠሪያ ገመድ የሚዞረው ከፊት ግራ ጎማ ነው። ገመዱ በግራው ናክል መሃል አልፎ የኩሽኔታ ክዳኑ ላይ ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይያዛል። የግራው ክዳን ያ ቀዳዳ ከሌለው ቆጣሪህ ዝም ይላል።

ዕቃው እጅህ ሲገባ መጀመሪያ ዲስኩን ለካ። የመጨረሻው የሚፈቀድ ውፍረት ከታተመበት እሱን ተመልከት፣ ካልታተመበት ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ አውጣ። የምትለካው በማይክሮሜትር ነው፣ ጠርዙ ላይ የቀረውን ያልተበላ ከንፈር ሳይሆን ሸራው የሚረግጠውን ቦታ። ከልኩ በታች ከሆነ ቶርኖ አያድነውም። ከልኩ በላይ ሆኖ ከተበላሸ ይላጣል፣ ግን ሁለቱም ዲስኮች እኩል ይላጡ።

ካሊፐሩ ላይ ደግሞ ፒስተኑ ነው ዋናው። የካሊፐሩ ብረት ከውጭ ምንም ቢዝግ አያሳስብህም፣ ወፍራም ነው። አቧራ መከላከያውን ጎማ ገልጠህ የፒስተኑን የሚያብረቀርቅ ገጽ እይ። ብዙ ጊዜ ልክ ጎማው ሲነካው የኖረበት መስመር ላይ የሚጥሚጣ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ታገኛለህ። ጥፍርህን በቀስታ አሳልፍበት። ጥፍርህ ከያዘ ክሮሙ ተበስቷል ማለት ነው፤ በብርጭቆ ወረቀት አትታገል፣ ፒስተኑን ቀይር። ያ ነጥብ አዲሱን ጎሚኒ (የዘይት ማገጃ ጎማ) ይቆርጠዋል። ፒስተኑን ለማውጣት በዘይቱ ቀዳዳ ትንሽ የኮምፕረሰር አየር ስጥ፣ ፊት ለፊቱ እንጨት አስገባ፣ ጣትህን ግን በምንም ተአምር መሃል አታግባ። ሲወጣ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው።

አሮጌ የማይገዛውን ደግሞ ልንገርህ። የጎማ ቱቦ፣ ጎሚኒ፣ ሸራ፣ የጎማ ሲሊንደር፣ የመዳብ ሮንዴላ፣ የግሪስ መከላከያ፣ ኩሽኔታ። እነዚህ ሁሉ አዲስ ይሁኑ። ማስተር ሲሊንደሩንም እኔ ብሆን አዲስ ነው የምገዛው። አሮጌው የሚጠቅምህ ልኩንና የቱቦ መውጫዎቹን ለማየት ነው። ጎሚኒውን ስትገጥም በንጹህ የፍሬን ዘይት አርጥበው። ቤንዚንና የሞተር ዘይት ካስነካኸው ያብጣል።

የአንተ መኪና ማስተር ሲሊንደር ባለ አንድ መስመር ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን አልባ ይሆናል። የጊያዋ ባለ ሁለት መስመር ነው፤ የፊቱ ቢጠፋ የኋላው ይቀራል። እኔን ብትጠይቀኝ ከዲስኩ ይልቅ ይሄ ለውጥ ይበልጣል። ገንዘብህ ለአንዱ ብቻ ቢበቃ መጀመሪያ ባለ ሁለት መስመሩን ግጠም።

ለታምቡር የተሠራ ማስተር ሲሊንደር መውጫው ላይ ትንሽ ግፊት አስቀርቶ የሚይዝ ቫልቭ አለው። ለታምቡር ይጠቅማል፣ ጎሚኒውን ወጥሮ ይይዛል። ዲስክ ላይ ግን ያው ግፊት ሸራውን ዲስኩ ላይ ለጥፎ ያቆየዋል። ትነዳለህ፣ ይግላል፣ ዘይቱ ይሰፋል፣ ይበልጥ ይይዛል። ስለዚህ ወደ ፊት የሚሄደው መስመር ያ ቫልቭ የሌለው መሆን አለበት። የዲስክ መኪና ማስተር ሲሊንደር ውሰድ ያልኩህ ለዚህም ነው።

የውስጥ ስፋቱንም ያለ ሒሳብ አታሳድግ። 19.05 ሚሊሜትር ያለው ፒስተን ስፋቱ 285 ካሬ ሚሊሜትር ነው። 22.2 ብታደርገው 387 ይሆናል። በዚያው እግር የምታገኘው ግፊት ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ፔዳሉ አጭርና ጠንካራ ሆኖ ደስ ይልሃል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ሰርቮ በሌለው መኪና ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም።

ስትገጥመው በፔዳሉ ዘንግና በፒስተኑ መካከል 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ተው። ፔዳሉን በጣትህ ስትነካው ያቺን ትንሽ ባዶ ጉዞ ልትሰማት ይገባል። ክፍተቱ ከጠፋ ፒስተኑ ዘይት የሚመለስበትን ቀዳዳ ዘግቶ ይቀራል፣ ፍሬኑም አይለቅም። «ዲስክ ገጠምኩ፣ ጎማዬ ያቃጥላል» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ይህችን ነው።

ስለ ጥርስ አንድ ነገር ሳልልህ አላልፍም። የቮልስ የፍሬን ቱቦ ጥርስ ኤም10 በ1 ነው፣ ማለትም ውፍረቱ 10 ሚሊሜትር፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1 ሚሊሜትር። የአሜሪካ መኪኖች ብዙውን ጊዜ 3/8 ኢንች ውፍረት፣ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ያለው ይጠቀማሉ። ይሄኛው 9.525 ሚሊሜትር ነው፤ በኤም10 ቀዳዳ ውስጥ ላላ ብሎ ይገባል፣ የጠበቀም ይመስላል። አንድ ቀን በኃይል ስትረግጥ ግን ጥርሱን ይዞ ይወጣል። የቱቦው ጫፍ አሠራርም ይለያያል፤ የቮልሱ እንደ እንጉዳይ ያበጠ ነው፣ የአሜሪካው ወደ ውስጥ የታጠፈ ሾጣጣ። ከተለያየ መኪና የተሰበሰበ ቱቦና መገጣጠሚያ አንድ ሳጥን ውስጥ ካለህ በእጅህ ብቻ አትመን፣ በጥርስ መለኪያ ለካው።

የኋላውን ታምቡር ለምን ውሰድ እንዳልኩህ ልመለስ። ያንተ መኪና ቸርኬ አምስት ቡሎን በ205 ሚሊሜትር ክብ ላይ ነው። የጊያው ዲስክ አራት ቡሎን በ130 ነው። ፊቱን ብቻ ከቀየርክ ሁለት ዓይነት ቸርኬ ትጭናለህ፣ አንድ ስኮርታ ደግሞ ለሁለቱም አይሆንም። የቡሎኑም ጥርስ ይለያል፤ የአሮጌው ኤም12 በ1.5፣ የአዲሱ ኤም14 በ1.5። ስለዚህ ኋላውንም ወደ አራት ቡሎን አምጣው። ጥንቃቄው፣ የኋላ አክስሉ ርዝመት በ1967 ሞዴል ተቀይሯል። ታምቡሩን ብቻ ሰክተህ ዳዶ አትሰር። ከሳህኑ፣ ከሸራውና ከቀለበቱ ጋር ገጥመህ ሸራው በሙሉ ስፋቱ ታምቡሩ ላይ ማረፉን አረጋግጥ። የኋላ ሲሊንደሮቹን ልክ ለማሳደግ ግን አትሞክር። የፊቱ ከኋላው ቀድሞ መያዝ አለበት። ቮልስ ሞተሯ ኋላ ስለሆነ ኋላዋ ከባድ ነው፣ ስትይዝ ግን ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ያኔ የኋላው ጎማ ቀድሞ ከቆመ መኪናዋ ትዞራለች።

የኋላው ትልቁ ዳዶ 36 ሚሊሜትር ነው። የሚጠብቀው ወደ 300 ኒውተን ሜትር ነው። ረጅም ብረት ካልጨመርክበት አትደርስበትም። የኮፒሊያው (ዳዶው እንዳይላላ የሚይዘው ፒን) ቀዳዳ ካልገጠመ እስኪገጥም ወደ ማጥበቅ ሂድ፣ ወደ ኋላ በፍጹም አትመልሰው። ይሄ ዳዶ ሲላላ የታምቡሩ ጥርስ ይበላል፤ ያኔ ሞተሩ ይዞራል፣ ጎማው አይዞርም።

እንግዲህ ቸርኬው። 17ቱ ለምን አይሆንም እንዳትለኝ፣ አብረን እንቁጠረው። ኢቲ ማለት ቸርኬው አክስሉ ላይ የሚለጠፍበት ገጽ ከቸርኬው ስፋት መሃል የሚርቅበት ልክ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል። 25 ሚሊሜትሩ አዳፕተር ኢቲ 43ን ወደ 18 ያወርደዋል። 4.5 ኢንች ስፋት ካለውና ኢቲ 34 ከሆነው ቸርኬ ጋር አወዳድረው። ያንተኛው ወደ ውስጥ 16 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል። ወደ ውጭ ደግሞ 48 ሚሊሜትር ያህል ይወጣል። አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ፓራፋንጎውን ይበላል፣ ኩሽኔታውን ይጭናል፣ መሪው በየጉድጓዱ ከእጅህ ይነጠቃል። ፍሬን ስትይዝም አንዱ ጎማ ከሌላው ትንሽ ቢለይ መኪናው ይጎትታል። ልታስወግደው የፈለግከውን ችግር በገንዘብህ ገዝተህ ትመልሰዋለህ።

የጎማው ቁመትም አለ። 165/80 አር15 ጎማ ቁመቱ 645 ሚሊሜትር ነው። 205/40 አር17 ደግሞ 596። ቆጣሪህ ከእውነተኛው ፍጥነት 8 በመቶ ያህል አብዝቶ ያነባል፣ መኪናዋም ዝቅ ትላለች። ያረጀ ስስ አካል ላይ ቀጭን ጎማ መግጠም ምቾቱንም ይገድላል።

የምትፈልገው ባለ 15 ኢንች፣ አራት ቡሎን በ130፣ ከ4.5 እስከ 5.5 ኢንች ስፋት ያለው ነው። ከ1968 ሞዴል ወዲህ ባሉ ቢትሎችና ጊያዎች ላይ ሞልቷል። የፖርሽ 914 ባለ አራት ሲሊንደሩም በዚሁ ክብ ነው፣ ኢቲውን ግን ለካ። ከመክፈልህ በፊት ባዶ ቸርኬውን ካሊፐሩ ላይ አስገብተህ በእጅህ አዙረው። ውስጡ ካሊፐሩን መንካት ቀርቶ መቅረብ የለበትም፤ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ይራቅ።

ያገለገለ ቸርኬ ሲገዛ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ነው የሚያዩት። በቡሎን ቀዳዳዎቹ መካከልና ክንዱ ከክቡ በሚገናኝበት ላይ ስንጥቅ ፈልግ። ብየዳ የነካው የአሉሚኒየም ቸርኬ ምንም ቢያምር ተወው። የቡሎኑ መቀመጫ ሾጣጣ ነው ወይስ ክብ? ቡሎኑም ያው መሆን አለበት። ሾጣጣ ቡሎን ክብ መቀመጫ ላይ የሚነካው በአንዲት መስመር ብቻ ነው፣ ይላላል። ቡሎኑ ቢያንስ የራሱን ውፍረት ያህል ይግባ፤ ኤም14 ከሆነ ዘጠኝ ዙር ያህል። በጣም ከረዘመ ደግሞ ታምቡሩ ውስጥ ገብቶ የሸራውን ዕቃ ይመታል። ገጥመህ በእጅ አዙረህ አድምጥ። ከቸርኬው ጋር ጎማ ከመጣ ዕድሜውን ከጎኑ አንብብ፤ 2319 ካለ በ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

ሁሉም ከገባ በኋላ ዘይት። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ይበቃሃል። አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ ቀይረው። ዶት 5 የሲሊኮን ነው፣ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። አየሩን የምታወጣው ከሩቁ ጀምረህ ነው፦ ኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ አልጠነክር ካለህ ካሊፐሮቹን ተመልከት። አየር ማውጫዋ ጡት ወደ ላይ ነው መሆን ያለባት። ወደ ታች ካየች ቀኙንና ግራውን አቀያይረሃቸዋል፣ ያ አየር በፍጹም አይወጣም።

አዲሱ ሸራ እስኪላመድ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር አስር ጊዜ ያህል በመጠኑ ያዝ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆም፣ በየመሃሉ እየነዳህ አቀዝቅዘው። ከዚያ ባዶና ሜዳ የሆነ ቦታ፣ በ30 ኪሎ ሜትር፣ በኃይል ያዝ። አንድ ሰው ከውጭ ቆሞ የትኛው ጎማ ቀድሞ እንደቆመ ይይልህ። የፊቶቹ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ኋላው ከቀደመ ወደ መንገድ አትውጣ። 80 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳህ በኋላ የቸርኬ ቡሎኖቹን እንደገና አጥብቅ፣ የቱቦ መገጣጠሚያዎቹን በእጅህ ዳስሰህ እርጥበት ፈልግ። የተሽከርካሪ ምርመራ ካለብህ ለውጡን አስቀድመህ አሳውቅ።

ዲስክ ቢኖርህም ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ነው የሚወረደው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ።

የመሪውን ሾጣጣ በቀለም ፈትነህ ምን እንዳገኘህና የዲስኩን ውፍረት ጻፍልኝ። ካልገጠመ የትኛውን ጫፍ እንደምትገዛ ከዚያ ተነስቼ እነግርሃለሁ።